ብርድ ቀን አይቆጥርም፦ የመንቀጥቀጥ ቃላት ስለ ሰውነታችን ምን ይነግሩናል?

ኅዳር ወር ላይ እነዋሪ አድራችሁ ታውቃላችሁ? ሌሊቱን ሰማዩ ጥርት ይላል። ጠዋት ስትወጡ ሜዳው ላይ ውርጭ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ይጠብቃችኋል። ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው «እንደምን አደራችሁ» ሲላችሁ ድምፁ ይቆራረጣል። እናንተም «እግዚአብሔር ይመስገን» ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ ጥርሳችሁ ገጭ ገጭ ይላል።

እኔ ያደግሁት እዚያ ነው። ብርድን ስለምናውቅ ስለ መንቀጥቀጥ የሚነግረን ሰው የሚያስፈልገን አይመስለንም ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ግን አንድ የእንግሊዝኛ ፈተና መጣ። ስድስት ቃላት ተሰጡንና በክፍት ቦታው አስገቡ ተባልን፦ «ሺቨር»፣ «ትሬምብል»፣ «ሼክ»፣ «ሸደር»፣ «ክዊቨር»፣ «ቻተር»። ደብተሬ ላይ የስድስቱም ትርጉም አንድ ነበር፦ መንቀጥቀጥ። ከስድስቱ ሁለቱን አገኘሁ፣ እነሱንም በግምት።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ማሽን ንዝረት መማር ስጀምር ያ ፈተና ትዝ አለኝ። መሐንዲስ አንድ ሞተር ሲንቀጠቀጥ «ተንቀጠቀጠ» ብሎ አያልፍም። የቱ ክፍል ነው? በሰከንድ ስንት ጊዜ? ሲነሳ ነው ወይስ ጭነት ሲበዛበት? ብሎ ይጠይቃል። ምክንያቱም አንድ ዓይነት የሚመስል ንዝረት በአንዱ ሞተር የላላ ብሎን፣ በሌላው የተበላ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ሰውነታችንም እንደዚያው ነው። ቋንቋችን ደግሞ ጥያቄዎቹን ድሮ ጠይቆ መልሱን በቃላት አስቀምጦልናል፤ እኛ ነን የማናዳምጠው።

ጉዳዩ የፈተና ነጥብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍላችሁም ነበር። ቃሉን አለማዳመጥ የአጎቴን ልጅ ሊያሳጣን ነበር። ወደ እሱ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን ቃላቱን እንያቸው።

ቃሉ ራሱ ይወዛወዛል

እስቲ እነዚህን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፦ ተንቀጠቀጠ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ተንገጫገጨ፣ ተብረከረከ፣ ተርገበገበ፣ ተርገፈገፈ፣ ተርበተበተ፣ ተወዛወዘ።

አንድ ነገር አስተዋላችሁ? በሁሉም ውስጥ ሁለት ፊደላት ተደግመዋል። ቀጠ-ቀጠ፣ ዘፈ-ዘፈ፣ ገጫ-ገጨ፣ ረከ-ረከ፣ ገበ-ገበ፣ ገፈ-ገፈ፣ በተ-በተ፣ ወዛ-ወዘ። ንዝረት ማለት እኮ ይኸው ነው፤ ወደዚህ ሄዶ ወደዚያ መመለስ፣ እንደገና ወደዚህ። አማርኛ እንቅስቃሴውን በስም ከመጥራት አልፎ ምላሳችን ላይ ያሠራዋል። እርግጥ ፊደል የደገመ ሁሉ መንቀጥቀጥ አይደለም፤ «ተንከባከበ» ውስጥ ማንም አይንቀጠቀጥም። ግን መንቀጥቀጥን የሚገልጹት ቃሎቻችን በብዛት በዚህ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው።

እንግሊዝኛም በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። «ቻተር»፣ «ፍላተር»፣ «ፍሊከር»፣ «ሸደር» የሚሉት ቃላት መጨረሻቸው ላይ ያለችው ድምፅ በጥንት ዘመን የሚደጋገም ድርጊትን ታመለክት የነበረች ቅጥያ ናት። ዛሬ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው አያስተውሏትም። የእኛ ድግግሞሽ ግን አሁንም ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ቃልና ጓደኛው

አሁን ወደ ፈተናው እንመለስ። የተሳሳትኩት ቃላቱን ለየብቻ ስለሸመደድኩ ነው። ቃል ግን ብቻውን አይኖርም፤ አብሮት የሚሄድ ጓደኛ አለው። የእንግሊዝኛዎቹ ጓደኞች እነዚህ ናቸው፦

«ሺቨር ዊዝ ኮልድ»፦ በብርድ መንዘፍዘፍ። ሺቨር የብርድና የትኩሳት ቃል ነው።

«ትሬምብል ዊዝ ፊር»፦ በፍርሃት መርበትበት፣ መራድ።

«ሼክ ዊዝ አንገር» እና «ሼክ ዊዝ ላፍተር»፦ በንዴት መንቀጥቀጥ፣ በሳቅ መንፈቅፈቅ። ሼክ ከሁሉም ጋር የሚሄድ ሰፊ ቃል ነው፤ ጠርሙስም ይሼካል።

«ሸደር አት ዘ ቶት»፦ ገና ሲያስቡት መሰቅጠጥ። አንድ ጊዜ መጥቶ የሚያልፍ ነው።

«ቲዝ ቻተር»፦ ጥርስ መንገጫገጭ።

«ሊፕስ ክዊቨር»፦ ሊያለቅስ የደረሰ ልጅ ከንፈር መንቀጥቀጥ።

«ኒስ ኖክ»፦ ጉልበት መብረክረክ።

«ማይ ቲዝ ሺቨርድ» ብላችሁ ብትጽፉ መምህሩ በቀይ ያሰምርበታል። ለምን? «ጥርሴ ተብረከረከ» ቢላችሁ እናንተም ትስቁ የለ? ሕጉን ማንም አላስተማራችሁም፤ ግን ጥርስ እንደሚንገጫገጭ፣ ጉልበት እንደሚብረከረክ፣ ዓይን እንደሚርገበገብ ታውቃላችሁ። «ተንገጫገጨ» ውስጥ «ገጨ» አለ፤ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ይገጨዋል። «ተብረከረከ» ውስጥ ደግሞ «ብርክ» አለ፤ በግዕዝ ጉልበት ማለት ነው። «ብርክ ያዘው» የምንለውም፣ «ተንበረከከ» የምንለውም ከዚያው ቤት ነው። ቃሉ የትኛው አካል እንደሚንቀጠቀጥ በሆዱ ይዞ ይዞራል።

መሬትንም እንያት። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬንና ማጀቴን የመታው አደጋ «የመሬት መንቀጥቀጥ» ነው። «መሬት ተንዘፈዘፈች» አንልም፤ መንዘፍዘፍ ብርድ ወይም ትኩሳት የሚሰማው አካል ይፈልጋል። እንግሊዝኛም ለእጅና ለመሬት «ትሬመር» የሚለውን ቃል ያጋራል፣ ሺቨርን ግን ለመሬት አይሰጥም።

ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ትምህርታችሁ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው፦ «ሺቨር ማለት መንቀጥቀጥ» ብላችሁ አትጻፉ። ቃሉን ከነጓደኛው ጻፉት። ከቻላችሁ ጎኑ ላይ የአማርኛውን ጥንድ አድርጉ።

አንድ ልዩነት ግን አስተውሉ። እንግሊዝኛው ሰውየውን ያስቀድማል፤ ሰው ነው በብርድ የሚንቀጠቀጠው። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ብርድ አንዘፈዘፈው»፣ «ፍርሃት አርበተበተው» እንላለን። ጥፋተኛውን ቀድመን እንሰይማለን ማለት ነው። ጥፋተኛው በትክክል ከተሰየመ ግሩም ነው። ካልተሰየመስ?

ሰውነታችን እንደ ካውያ

መጀመሪያ እውነተኛውን ብርድ እንያዝ። እነዋሪ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። ከእነዋሪ አምባ ጫፍ ቆማችሁ ቁልቁል ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ብትመለከቱ፣ ከእግራችሁ በታች ያለው ቆላ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ቆሞ ታች ያለው ላቡን የሚጠርገው ለዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ ካውያ አይታችኋል? ሙቀቱን በመዘወሪያው ትመርጣላችሁ። ካውያው ሲቀዘቅዝ ራሱ ይበራል፣ የተመረጠው ሙቀት ላይ ሲደርስ ራሱ ይጠፋል። አንጎላችን ውስጥም ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል ይህንኑ ሥራ ይሠራል። መዘወሪያው 37 ዲግሪ አካባቢ ላይ ተቀምጧል። ከቆዳና ከደም የሚመጣለትን መረጃ ከዚያ ጋር ያነጻጽራል።

ሙቀት ሲጎድል መጀመሪያ በቆዳ ሥር ያሉትን ትንንሽ የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ሙቀቱ ወደ ውጭ እንዳይሸሽ። እኛም ሳናስበው ኩርምት እንላለን። ኩርምት ያለ ሰው ለአየር የሚጋለጠው ገላው ያንሳል፤ የሚያጣው ሙቀትም እንደዚያው። ጋቢ እንደርባለን። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ በየድርቡ መሃል አየር ይያዛል፤ የተያዘ አየር ደግሞ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ መገኘቱም የሚገርም አይደለም።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ሃይፖታላመስ መንቀጥቀጥን ያዝዛል። ጡንቻዎች በሰከንድ 10 ጊዜ አካባቢ እየተኮማተሩ ይላቀቃሉ። ሥራ አይሠሩም፤ ዕቃ አያነሱም፣ መንገድ አይሄዱም። ስለዚህ ያቃጠሉት ጉልበት በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ይሆናል። አንድ አዋቂ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚያመነጨው ሙቀት ወደ 100 ዋት ይጠጋል፤ ከድሮው ባለ 100 አምፖል ጋር አስተያዩት። ሰውነት አጥብቆ ሲንዘፈዘፍ ይህ እስከ አምስት እጥፍ ሊያድግ ይችላል። የሰው ልጅ በራሱ ሥጋ ውስጥ ምድጃ ለኮሰ ማለት ነው። ማገዶው ደግሞ ያለፈው ምግቡ ነው፤ ባዶ ሆድ ብርድን የማይችለው ለዚህ ነው።

መንቀጥቀጡ ሲቆም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በብርድ ሲንዘፈዘፍ የቆየ ሰው መንቀጥቀጡን ሲያቆም «እሰይ፣ ሞቀው» እንላለን። ሞቆትም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ገላው እንደቀዘቀዘ ከሆነ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ከተንገዳገደ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ምድጃው ማገዶ ጨርሷል ማለት ነው። የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋው ይጀምራል። ወደ 32 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ መንቀጥቀጡ ራሱ እየከሰመ ይሄዳል።

እንዲህ ያለውን ሰው ከንፋስ አስገቡት፣ እርጥብ ልብሱን ቀይሩለት፣ ራሱንና ደረቱን ሸፍኑለት፣ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡት፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም። አረቄ ግን አትስጡት። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ይከፍታቸዋል፤ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል፣ በእውነት ግን የቀረችውን ሙቀት ወደ ውጭ እያፈሰሰ ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃንም አለ። ጨቅላ እንደ አዋቂ ተንቀጥቅጦ መሞቅ አይችልም። በትከሻውና በጀርባው አካባቢ ባለ ልዩ ስብ ነው ሙቀት የሚያመነጨው፤ ያም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ «አይንቀጠቀጥም፣ አልበረደውም» የሚለው ሐሳብ ለጨቅላ አይሠራም። ደረቱንና እግሩን ዳስሱ። ከሁሉ የሚሻለው ማሞቂያ ደግሞ የእናት ገላ ነው፤ ገላ ለገላ አቅፋ ከላይ ጋቢ መደረብ።

ብርድ የሌለበት ብርድ

አሁን የአጎቴን ልጅ ልንገራችሁ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። መስከረም ላይ ከጓደኞቹ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ኅዳር ላይ ተመለሰ። በመጣ በሦስተኛው ሌሊት ይንዘፈዘፍ ጀመር። አልጋው ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ቤተሰቡ ወዲያው ፈረደ፦ «የቆላ ሙቀት ለምዶ መጥቶ ነው፤ ብርድ መታው።» ሁለት ጋቢ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ትኩስ የአጃ ሾርባ። ወደ ንጋት ላይ በላብ ተጠምቆ ተኛ። ጠዋት ተነስቶ ሥራ ገባ። «አላልናችሁም? ብርድ ነበር» ተባለ።

በማግስቱ ደህና አደረ። በሦስተኛው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ገደማ፣ ያው መንዘፍዘፍ። እንደገና ጋቢ፣ እንደገና ላብ፣ እንደገና ደህና። አያቴ ምድጃው ጥግ ቁጭ ብላ በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ብርድ ቀን አይቆጥርም ልጄ። ይሄ ንዳድ ነው።»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ጣቱን ወግተው ጠብታ ደም ወሰዱ። ወባ ነበረች።

አያቴ ያየችውን ነገር በካውያው ምሳሌ ላስረዳችሁ። ተሕዋስያን ደም ውስጥ ሲገቡ የመከላከያ ሥርዓታችን ወደ አንጎል መልእክት ይልካል፤ ሃይፖታላመስም መዘወሪያውን ከ37 ወደ 39 ወይም 40 ያዞረዋል። ሰውነት አሁን 37 ላይ ነው፤ ጤነኛ ሙቀት ነው። ከአዲሱ ምርጫ ጋር ሲነጻጸር ግን «ቀዝቅዘሃል!» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ሰውየው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። ግንባሩን ብትነኩት ይፋጃል፣ እሱ ግን «ብርድ ብርድ አለኝ» ይላል። አልዋሸም፤ አንጎሉ በእርግጥ የብርድ ስሜት እየሰጠው ነው። መዘወሪያው ሲመለስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ ሰውነት ሞቋል፣ ስለዚህ ላብ። ብርድ፣ ቃጠሎ፣ ላብ፤ ተራው ይህ ነው።

ቀኑስ ለምን ተቆጠረ? የወባ ተሕዋስ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ይራባል። ቫይቫክስ በሚባለው ዓይነት ይህ 48 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከዚያ ሕዋሳቱ በአንድ ሰሞን ይፈነዳሉ፤ በፈነዱ ቁጥር መዘወሪያው ይዞራል። አንድ ቀን እየዘለለ መምጣቱ ከዚህ ነው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የመነሳት ጠባይም አለው። በአገራችን ወባ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ግን ቆላ የተነደፈ ሰው ደጋ መጥቶ ሊታመም ይችላል። ውርጭ መሃል የሚንዘፈዘፍ ልጅ ብርድ መትቶት ላይሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ እናንተ ቀን ለመቁጠር አትጠብቁ። ፋልሲፓረም የሚባለው ሌላው ዓይነት በደንብ የማይቆጠርና ቶሎ የሚገድል ነው። ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ካሳየ በዚያው ቀን ይመርመር። የሳንባ ምችም፣ በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳትም በመንቀጥቀጥ ሊጀምሩ ይችላሉ። ይህ ሁለተኛው በተለይ ብርድ ባለበት፣ ልብስ በሚደራረብበትና ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት ቦታ የሚገኝ ነው።

እንግሊዝኛው እዚህ ጋ ሁለት የተለያዩ ጓደኞች አሉት። ውጭ ያለው ብርድ «ኮልድ» ነው፤ ከትኩሳት ጋር የሚመጣው ደግሞ «ቺልስ»። ሐኪሞች አልጋ የሚያንኳኳውን ዓይነት ከባድ መንቀጥቀጥ «ሪገር» ብለው ለይተው ይጠሩታል። እኛ ሁለቱንም «ብርድ» ስለምንል ጥፋተኛው በስሕተት ይሰየማል። የድሮ ሰዎች ግን «ንዳድ» የሚል ቃል ነበራቸው፤ መንደድን፣ መቃጠልን የሚያሳይ። አያቴ የተጠቀመችው እሱን ነው።

ወረቀቱ ለምን ተርገፈገፈ?

ሌላው ጥፋተኛ ፍርሃት ነው። የምርምር ሐሳቤን በመምህራን ፊት ሳቀርብ የያዝኩት ወረቀት እንደ ባንዲራ ሲርገፈገፍ ክፍሉ ሁሉ ያየው ነበር።

ልብ በሉ፦ የሁላችንም እጅ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል። በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ። በጣም ትንሽ ስለሆነ ግን አናየውም። ስንፈራ አድሬናሊን ደም ውስጥ ይለቀቃል፣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ለሩጫ ወይም ለትግል ይዘጋጃል። በዚህ ጊዜ ያ ትንሹ ንዝረት ይጎላል። ወረቀቱ ደግሞ ጫፉ ሩቅ ስለሆነ እንቅስቃሴውን ያጎላዋል።

ራሳችሁ ሞክሩት። ክንዳችሁን ወደፊት ዘርጉ፣ መዳፋችሁን ወደ ታች አድርጉ፣ ጣቶቻችሁ ላይ አንድ ቀጭን ወረቀት አስቀምጡ። የወረቀቱን ጫፍ ተመልከቱ። ከዚያ ደረጃ በሩጫ ወጥታችሁ ወይም ሦስተኛውን ቡና ጠጥታችሁ ድገሙት። ልዩነቱን ታያላችሁ።

አሁን የፍርሃቱንና የብርዱን ቁጥር አወዳድሩ። ሁለቱም በሰከንድ 10 አካባቢ ናቸው። ፍጥነቱን ብቻ ለክቼ «ይሄ ብርድ ነው፣ ያ ፍርሃት ነው» ልላችሁ አልችልም። መሣሪያው ያልለየውን የሚለየው ጓደኛው ነው፦ መቼ ጀመረ? ከምን ጋር? የትኛው አካል?

ከዚሁ ቤተሰብ «ውርር አደረገኝ» እና «ጸጉሬ ቆመ» አሉ። በእያንዳንዱ የገላ ጸጉር ሥር ትንሽ ጡንቻ አለች፤ ስትኮማተር ጸጉሩ ይቆማል። ድመት ውሻ ስታይ ተነፍታ ትልቅ የምትመስለው፣ ዶሮም በብርድ ላባዋን የምትነፋው በተመሳሳይ ሥርዓት ነው። እኛ ጸጉራችን ስለሳሳ ጥቅሙ ቀርቶ ስሜቱ ብቻ ቀርቶልናል። በጾም ወራት በገና ስትሰሙ ውርር የሚያደርጋችሁ ያው ነው፤ ብርድም ፍርሃትም የለም፣ አንጎል ግን በዚያው መስመር ይጠራል።

ሲኒው ሲነሳ ወይስ እጅ ሲያርፍ?

በመጨረሻ ስለ አዛውንቶች። የአንድ አባት እጅ ሲንቀጠቀጥ «ጠጥተው ነው»፣ «እርጅና ነው» እንላለን። ጓደኛውን ግን ጠይቁ፦ መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው?

ሲኒ ሲያነሱ የሚንቀጠቀጥና ጭናቸው ላይ ሲያርፍ የሚረጋ ከሆነ፣ በቤተሰብ የሚወረስ የተለመደ ዓይነት ሊሆን ይችላል። እጁ አርፎ ሳለ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲኒውን ሲያነሱ የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ ፓርኪንሰን የሚባለውን በሽታ ያስጠረጥራል። ቦክሰኛው መሐመድ አሊ በ1996 እ.ኤ.አ. የአትላንታን የኦሊምፒክ ችቦ ሲለኩስ እጁ ሲንቀጠቀጥ ዓለም ሁሉ ያየው በዚህ ሕመም ነበር። የእንቅርት እጢ ከመጠን በላይ መሥራትና አንዳንድ መድኃኒቶችም እጅ ያንቀጠቅጣሉ። መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው። የእናንተ ሥራ አይቶ በትክክል መናገር ነው፤ «እጃቸው ይንቀጠቀጣል» ከማለት «ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል፣ ሲኒ ሲያነሱ ይረጋል» ማለት ለሐኪሙ ግማሽ መንገድ ነው።

እንግዲህ ሦስት ጥያቄዎችን ያዙ፦ የትኛው አካል? ከምን ጋር? መቼ? እንግሊዝኛ ስትጽፉ ትክክለኛውን ቃል ያስመርጧችኋል። ቤት ውስጥ ሰው ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ከጋቢ በፊት ቴርሞሜትር ያስፈልጉ እንደሆነ ይነግሯችኋል።

የአጎቴ ልጅ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። አሁንም ኅዳር ሲመጣ ማለዳ ላይ ጥርሱ ሲንገጫገጭ «ዛሬስ ብርድ ነው» እያለ ይስቃል፤ ግን መጀመሪያ ግንባሩን ይነካል። በእናንተ አካባቢ መንቀጥቀጥን የሚገልጽ እዚህ ያልጠቀስኩት ቃል ካለ ጻፉልኝ። ከነጓደኛው።